ቀለም ስንት ያወጣል? ከአዮዋ ማርጋሪን እስከ አድአ ጤፍ

እስቲ ከአንድ ተራ ጥያቄ እንነሳ። እህል በረንዳ ወይም ሰፈራችሁ ያለው ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ጤፍ ስትገዙ የምትከፍሉት ለምንድን ነው? ለኪሎው? ለጣዕሙ? ወይስ ለቀለሙ? ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያልን ዋጋውን በደረጃ ስንደረድር ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው እህሉ ብቻ አይደለም፤ ዓይናችንም አብሮ ይመዘናል። ይህን ነጋዴው ያውቀዋል፣ እናቶቻችንም ያውቁታል። ኢኮኖሚስቶች ግን ነገሩን በቁጥር ለመያዝ ረጅም፣ አልፎ አልፎም ጠብ የበዛበት መንገድ መሄድ ነበረባቸው።

ዛሬ የምናወጋችሁ የዚያን መንገድ ታሪክ ነው። «ምን ይጠቅመናል?» ለሚል መልሳችን አጭር ነው። አዲስ ምግብ ይዞ የሚመጣ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ሳይንቲስት፣ ፋብሪካም ይሁን እርዳታ ሰጪ፣ መጀመሪያ «ይጠቅማችኋል» ይላል። ሰው አልበላም ሲለው ደግሞ «ሕዝቡ አልገባውም» ብሎ ይደመድማል። ታሪኩን ስናገላብጠው ያገኘነው ግን ብዙ ጊዜ ያልገባው በላተኛው ሳይሆን ጠያቂው እንደነበር ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሮዝ እንዲሆን የተፈረደበት ቅቤ

ታሪኩ የሚጀምረው ፈረንሳይ ነው። ናፖሊዮን ሦስተኛው ለወታደሩና ለድሃው የሚሆን ርካሽ የቅቤ ምትክ ፈለገና ሽልማት አዘጋጀ። ኢፖሊት ሜዥ ሙሪዬ የተባለ ኬሚስት በ1869 ከከብት ሞራ የሠራውን ይዞ ብቅ አለ። ማርጋሪን እንዲህ ተወለደ።

አዲሱ ቅባት አሜሪካ ሲገባ የወተት ከብት ያላቸው ገበሬዎች ተነሱበት። ክርክራቸው ባዶ አልነበረም፤ ማርጋሪኑን «ቅቤ ነው» እያሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ። ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ገባ ሲባል ምን እንደሚሰማ ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልገንም። በ1886 የአሜሪካ ኮንግረስ በአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ በማይሞላ ማርጋሪን ላይ 2 ሳንቲም ቀረጥ ጣለ። እስከዚህ ድረስ የተለመደ የገበያ ሽኩቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነው የሚገርመው። ማርጋሪን በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው፤ ቢጫ የሚሆነው ቀለም ሲገባበት ነው። (በነገራችን ላይ ቅቤ አምራቾቹም በብርድ ወራት ቅቤያቸው ሲነጣባቸው ቀለም ጣል ያደርጉበት ነበር።) እና ኒው ሃምፕሻየርን የመሳሰሉ ግዛቶች «ማርጋሪን ሮዝ ቀለም ካልተቀባ አይሸጥም» የሚል ሕግ አወጡ። አዎ፣ ሮዝ! መርዝ ጨምሩበት አላሉም፣ ጣዕሙን አበላሹት አላሉም። ዓይን እንዲጠላው አድርጉት አሉ እንጂ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1898 የኒው ሃምፕሻየሩን ሕግ ሻረው። ኮንግረስ ግን በ1902 ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ቀለም የገባበት ማርጋሪን በፓውንድ 10 ሳንቲም፣ ቀለም የሌለው ግን ሩብ ሳንቲም ብቻ ይቀረጥ አለ።

ሒሳቡን እዩት። ያው አንድ ምግብ፣ በቀለሙ ብቻ የ40 እጥፍ የቀረጥ ልዩነት። ፋብሪካዎቹም ነጩን ማርጋሪን ከትንሽ የቀለም እሽግ ጋር ይሸጡ ጀመር። የቤት እመቤቶች ማታ ማታ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቁጭ ብለው እያሹ ቢጫ ያደርጉታል። እስቲ አስቡት፤ ልጆቻቸው ዳቦው ላይ የሚቀባውን «ቅቤ» ቢጫ ሆኖ እንዲያዩት ሲሉ ነው ይህ ሁሉ ድካም። የፌዴራሉ ቀረጥ የተነሳው በ1950 ነው። የወተት ሀገር የምትባለው ዊስኮንሲን ደግሞ እስከ 1967 ድረስ ቢጫ ማርጋሪን እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ነዋሪዎቿም ወደ ጎረቤት ኢሊኖይ እየነዱ ቢጫውን ሸምተው ይመለሱ ነበር።

ሕግ አውጪዎቹ የኢኮኖሚክስ ጥናት አላደረጉም። ነገር ግን ኢኮኖሚስቶቹ በኋላ የሚደርሱበትን አንድ ነገር ቀድመው አውቀዋል፤ ሰው ለምግብ ሲከፍል ለዓይኑም ይከፍላል።

የአንዲት ጥራዝ መዘዝ

አሁን ወደ አዮዋ እንሂድ። አዮዋ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ያለች የበቆሎና የከብት ግዛት ናት። ይህችን ስም ያዙልን፤ ታሪካችን ደጋግሞ ይመለስባታል።

ዓመቱ 1943 ነው፤ የዓለም ጦርነት እየነደደ ነው። አዮዋ ስቴት ኮሌጅ በጦርነት ጊዜ የምግብና የእርሻ ፖሊሲ ምን መሆን አለበት በሚል ተከታታይ ትንንሽ ጥራዞች ያሳትማል። ከነዚህ አምስተኛውን የጻፈው ኦስዋልድ ብራውንሊ የተባለ ወጣት ኢኮኖሚስት ነበር። ያለው ነገር ዛሬ ሲሰሙት ተራ ነው። የሰው ጉልበት ባነሰበት ጊዜ ከቅቤ ይልቅ ማርጋሪን ማምረት ያዋጣል፤ ማርጋሪን በአልሚነትም በጣዕምም ከቅቤ ጋር ይወዳደራል፤ ሽያጩን የሚያንቁትም ሕጎች ይነሱ። በቃ።

የወተት ገበሬ ማኅበራት ግን እንደ ንብ ተነሱ። ጥራዙ ይሰብሰብ፣ ቃሉ ይታጠፍ አሉ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ፍራይሊም ለጫናው እጅ ሰጡ፤ ጥራዙ ተመልሶ እንዲታረም ተደረገ። የክፍሉ ኃላፊ ቴዎዶር ሹልትዝ በዚህ ተናድዶ በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀና ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሌሎችም ተከተሉት። አስቂኙ ነገር በ1944 «ታርሞ» የወጣው እትም ዋናው ሐሳቡ እንዳለ የቆየ መሆኑ ነው።

ሹልትዝ በ1979 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ከአርተር ሉዊስ ጋር ተጋራ። ዋናው ትምህርቱ ምን ነበር? ድሃ ገበሬ ሞኝ አይደለም፤ ባለው አቅም አስልቶ ነው የሚሠራው የሚል ነው። እኛ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ግን ሌላም አለ። ሰው ምን መብላት እንደሚፈልግ ማጥናት ንጹሕ የላቦራቶሪ ሥራ አይደለም። መልሱ የአንዱን ኪስ ይሞላል፣ የሌላውን ያራግፋል። ስለዚህ ጥያቄውንም ማን እንደጠየቀ ማወቅ ያስፈልጋል።

ልብና ኩላሊት

በዚያው ጦርነት፣ በዚያችው አዮዋ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ሌላ ሙከራ ላይ ነበር። ኩርት ሌዊን ይባላል፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ጥሩ ጥሩው ሥጋ ለወታደሩ ስለሚሄድ ሕዝቡ ልብ፣ ኩላሊትና ሌላ የሆድ ዕቃ እንዲበላ ፈልጓል። አሜሪካውያን ግን እነዚህን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዱለት በሌለበት ምሳ የማይቀምሱ ወዳጆቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እናውቃለን። ግን የማያውቁት አገር አይናፍቅም፤ የማያውቁት ሥጋም እንደዚያው።

ለዚህ ሥራ የተቋቋመው የምግብ ልማድ ኮሚቴ ጸሐፊ ዝነኛዋ አንትሮፖሎጂስት ማርጋሬት ሚድ ነበረች። ሌዊን ለዚህ ኮሚቴ ያደረገው ሙከራ ቀላል ነው። በቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኝነት የሚሠለጥኑ የቤት እመቤቶችን በስድስት ቡድን ከፈላቸው። ሦስቱ ቡድኖች ጥሩ ንግግር ሰሙ፤ ቫይታሚኑ፣ ማዕድኑ፣ ርካሽነቱ፣ ለሀገር ያለው ፋይዳ ሁሉ ተዘረዘረላቸው። የምግብ አሠራሩ የተጻፈበት ወረቀትም ታደላቸው። የቀሩት ሦስቱ ቡድኖች ግን ተቀምጠው ተወያዩ። ሽታውስ? ባሌ ምን ይለኛል? ልጆቹ ቢተፉትስ? ተባባሉና በመጨረሻ «እስቲ የምንሞክር እጃችንን እናውጣ» ተባለ።

ውጤቱ? ንግግሩን ከሰሙት ውስጥ ከዚህ በፊት ቀርቦ የማያውቅ ሥጋ ቤታቸው ሠርተው ያቀረቡት 3 በመቶ ብቻ ናቸው። ተወያይተው ከወሰኑት ግን 32 በመቶ። ሌዊን አንድ ሌላ ነገርም አየ። ምግብ ገበታ ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበት በር አለ፤ በሩን የምትጠብቀው ደግሞ ገበያ የምትወጣዋና ወጥ የምትሠራው ሴት ናት። እሷን ሳያማክሩ ለባልና ለልጅ መስበክ በር ሳያንኳኩ ቤት እንደመግባት ነው።

ከአፍ እስከ ኪስ

ሌዊን የጠየቀው «አቀረባችሁ ወይ?» ብሎ ነው። ኢኮኖሚስቶች ግን የሚፈልጉት «ስንት ትከፍላላችሁ?» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ትልቅ ችግር አለ። ሰው በአፉ ለጋስ ነው። «ጤናማ ምግብ ቢመጣ ትገዛለህ?» ብትሉት ማን እንቢ ይላል? ገንዘቡን አምጣ ስትሉት ነው ነገሩ የሚቀየረው።

መፍትሔው የመጣው ከጨረታ ነው። ዊሊያም ቪክሪ በ1961 አንድ ብልሃት በጽሑፍ አሳየ፤ በ1996ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ብልሃቱ እንዲህ ነው። ሁሉም ዋጋውን በታሸገ ወረቀት ይጽፋል። ከፍተኛውን የጻፈ ያሸንፋል፤ የሚከፍለው ግን ራሱ የጻፈውን ሳይሆን ሁለተኛው የጻፈውን ዋጋ ነው። ምን ይጠቅማል? ዝቅ አድርጋችሁ ብትጽፉ የምትፈልጉት ነገር ያመልጣችኋል። ከፍ አድርጋችሁ ብትጽፉ ደግሞ ከሚገባው በላይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ስለዚህ የሚያዋጣው እውነቱን መጻፍ ብቻ ነው። እንደ መርካቶ ክርክር «ስንት ትላለህ፣ ስንት ትቀንሳለህ» የለም።

ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ ወደ ምግብ ጥናት ገባ። የት ነው ብትሉን፣ አዎ፣ ከዋነኞቹ ቦታዎች አንዱ ያው አዮዋ ስቴት ነው፤ የማርጋሪኗ ጥራዝ የታፈነችበት ትምህርት ቤት። በ2001 ዋላስ ሃፍማን፣ ጄሰን ሾግረንና ማቲው ሩሱ ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ኢኮኖሚስት ከአበባየሁ ተገኔ ጋር ሆነው (ስሙ ለጆሯችን ቅርብ ነው) በዴ ሞይንና በሴንት ፖል ከተሞች ተራ ሸማቾችን ሰበሰቡ። የአትክልት ዘይት፣ የበቆሎ ቺፕስና ድንች አቀረቡላቸው። ምግቡ አንዴ ተራ ምልክት ተለጥፎበት፣ አንዴ ደግሞ ዘረ መሉ የተለወጠ መሆኑ ተጽፎበት ይመጣል። ተሳታፊዎቹ በቪክሪ ሐሳብ ላይ በተመሠረተ ጨረታ፣ በእውነተኛ ገንዘብ ዋጋ ይሰጣሉ።

«ዘረ መሉ ተለውጧል» የሚል ሲያዩ የሰጡት ዋጋ በአማካይ 14 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፤ 100 በመቶ አይደለም፣ ዜሮም አይደለም። በአደባባይ ክርክር የምንሰማው «ሰው ሁሉ ይጠላዋል» እና «ሰው ግድ የለውም» የሚሉት ሁለቱም እዚያ ክፍል ውስጥ ልክ ሆነው አልተገኙም። ከዚያም በላይ የተነገራቸው ነገር ዋጋቸውን ያወዛውዘዋል። የተቃዋሚዎችን ጽሑፍ ያነበበ ዋጋውን ይጥላል፣ የአምራቾቹን ያነበበ ያነሳል። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ገለልተኛ አካል የጻፈውን ሲያገኙ ግን የተቃውሞው ጽሑፍ ያመጣው ጫና ይለዝባል። ሸማቹ የሚያምነው ሰው ይፈልጋል፤ ሲያገኝም ያዳምጣል።

ብርቱካናማው ስኳር ድንች

እስካሁን ያወራነው ስለ ጠገበ ሀገር ነው። ስለ ልጅ ዓይን ሲሆንስ? ቫይታሚን ኤ ያጠረው ሕፃን በሽታ የመቋቋም አቅሙ ይዳከማል፣ ሲብስበትም ዓይኑን ያጣል። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ብዙ ቤተሰብ የሚበላው ነጭ ስኳር ድንችና ነጭ በቆሎ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ብርቱካናማ የሆኑት ዝርያዎች ግን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር አላቸው፤ ቀለማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ማርጋሪን ላይ ቀለም ማታለያ ነበር፤ እዚህ ግን ቀለሙ ራሱ መድኃኒቱ ነው።

ግን ሰው ይበላዋል? አዳጊው ሕፃን ጣፋጭ ስለሆነ ይወደዋል። አዋቂው ግን ውኃ የሚበዛበት ድንች አይወድም፤ ዱቄታማ፣ ደረቅ ያለውን ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ብርቱካናማ ዝርያዎች ደግሞ ውኃማ ነበሩ። አዳቃዮቹ ይህን ሰምተው ደረቅ ያሉትን ማውጣት ነበረባቸው። በኡጋንዳ የተደረገና በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ከገንዘቡ በኩል መጣ። ጥናቱ አንዳንዱን ሰው «ብትገዛ ስንት?» ብሎ በአፍ ብቻ ጠየቀ፤ ሌላውን እውነተኛ ገንዘብ አስይዞ አስገዛው። በአፍ የተጠየቁት ከሚከፍሉት በላይ ተናገሩ፤ የሚጠበቅ ነው። በእውነት የገዙት ደግሞ ስለ ጥቅሙ ሳይነገራቸው ለብርቱካናማው ከነጩ የበለጠ አልከፈሉም። ስለ ቫይታሚኑ ከተነገራቸው በኋላ ግን ደህና ጭማሪ ከፈሉ። አልጠሉትም፤ አላወቁትም ነበር እንጂ።

ዛምቢያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። እዚያ ቢጫ በቆሎ ክፉ ትዝታ አለበት፤ የድርቅ ዘመን የእርዳታ እህል ነው፣ የዶሮ መኖ ነው። ታዲያ ብርቱካናማ በቆሎ ሲመጣ ሰው ከዚያ ጋር ያምታታው ይሆን? በ2012 የታተመ ጥናት ገጠር ገብቶ ይህንኑ ፈተሸ። አላምታቱትም። እንዲያውም ያለ ምንም ቅስቀሳ ከነጩ ጋር መወዳደር ቻለ፤ ጥቅሙ ሲነገር ደግሞ ዋጋው ከፍ አለ። መልእክቱ በሬዲዮም ይምጣ በአካባቢው መሪዎች፣ ውጤቱ አንድ ነበር። «ገበሬው ቢጫ ነገር አይነካም» ሲባል የኖረው ድምዳሜ ገበሬውን በቅጡ ሲጠይቁት ፈረሰ።

በሞዛምቢክማ ቀለሙን ከመደበቅ ይልቅ ባንዲራ አደረጉት፤ የቅስቀሳ መኪናው ሳይቀር ብርቱካናማ ተቀባ። ለዚህ ሥራ ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋ፣ ጃን ሎውና ሃዋርዝ ቡዊስ በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። ይህ ሽልማት የኛው ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የተሸለመው ነው። የሚሰጠው የት ነው? ዴ ሞይን፣ አዮዋ።

ቁንጮ

እኛስ? እኛም ሀገር ኩልፎና ቱላ የተባሉ ብርቱካናማ ስኳር ድንች ዝርያዎች ወጥተዋል። የኛ ትልቁ የቀለም ታሪክ ግን ጤፍ ነው።

የጤፍ አበባ ከትንሽነቷ ሌላ የምትከፈተው ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ይህን በ1970ዎቹ አጋማሽ ያገኘው ታረቀ በርሄ ነው፤ ከዚያ በፊት ጤፍን አዳቅሎ አዲስ ዝርያ ማውጣት አይቻልም ነበር። ከዚያም ደብረ ዘይት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ ዝርያዎችን ማውጣት ቻለ። ከነበሩት ዝርያዎች አንዱ ዱከም ይባላል፤ ምርቱ ከፍተኛ ነው፣ በሳይንሱ ሚዛን አንደኛ ነው። ገበሬው ግን ብዙም አልተቀበለውም። ለምን? ፍሬው እንደ ማኛ አይነጣም፤ ስለዚህ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ገበሬው ኩንታሉን ብቻ ሳይሆን ከተሜው የሚከፍለውንም ያሰላል። ሹልትዝ ያለው ይህንን አይደል?

እዚህ ላይ «ገበሬው ኋላ ቀር ነው» ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ምርታማውን ዱከምና ነጩን ማኛ አዳቀሉ፣ ገበሬዎችንም አሳተፉ። በ2006 የተለቀቀው ልጅ ቁንጮ ተባለ፤ ነጭም ነው፣ ምርታማም ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ በሰፊው ተዘራ፤ ስሙም የተመራማሪ ብቻ ሳይሆን የገበሬና የነጋዴ ቋንቋ ሆነ። በ2016 የታተመ፣ ጤፍን ከማሳ እስከ አዲስ አበባ የተከታተለ ጥናትም ገበያው ከርካሹ ቀይ ወደ ውዱ ነጭ እየተሸጋገረ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ የድል ታሪክ ነው፤ ግን ሌላ ጎንም አለው። ዓይናችንን ተከትሎ የመጣው ነጭ ጤፍ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ያ የቀለም ክፍያ ድሃው ቤተሰብ ላይ ይከብዳል፤ እንግዳ ሲመጣ ቀይ እንጀራ ማቅረብ ያሳፍረዋላ! በሌላ በኩል «ለደም ጥሩ ነው» የሚባለውን ቀይ ጤፍ ጤናቸውን የሚከታተሉ የከተማ ሰዎች መፈለግ ጀምረዋል። ትናንት የድህነት ምልክት የነበረው ዛሬ የብልህ ምርጫ ሊሆን ነው። ያው አንድ ፍሬ፣ ሌላ ታሪክ። ስለዚህ ምርጫችን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በሕግ ሊታጠፍ፣ በትዝታ ሊበላሽ፣ በእውቀትም ሊቃና ይችላል።

ወደፊት ገና ብዙ አዲስ ምግብ ይመጣብናል። አንዳንዱ ይጠቅማል፣ አንዳንዱ አይጠቅምም። ይህን የሚለይልን ደግሞ የሻጩም የተቃዋሚውም ጩኸት ብቻ ሊሆን አይገባም። እናም በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ወይም ባለሙያ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ «ሕዝቡ ይህን አይበላም» ወይም «ሕዝቡ በደስታ ተቀብሎታል» ሲል ከሰማችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን። ማን ጠየቀው? የበሩ ጠባቂ እናትስ ተጠይቃለች? ሲመልስ ገንዘቡ በእጁ ነበር ወይስ በአፉ ብቻ?

መልስ ከሌላቸው፣ ሕዝቡ ገና አልተናገረም ማለት ነው።